የጉም ፊደል

ገብረ ማርያም ውቤ መሞቱን የቆሰበር ከተማ የሰማው ሰውየው ገና በቁሙ ሳለ ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ከገበያው ዳር ባለው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ስንዝር ስንዝር የሚረዝሙ፣ ጎናቸው የጠበበ፣ እግራቸው የወፈረ፣ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆሩ ፊደሎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመውበታል። «ገብረ ማርያም ውቤ ዐርፏል» ይላል። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ነገረ። ጥቂት ቆይቶ ሟች የተባለው ሰው ራሱ ድንች በበቅሎ ጭኖ ከች አለ። ሰው መንገድ ሲለቅለት ግራ ገባው፤ አስነበበና እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«እንግዲያው ተዝካሬን ራሴ እበላዋለሁ» አለ። ወረቀቱን ገንጥሎ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አንዱ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ሊያሾፍ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ገብረ ማርያም እንደ ልማዱ ኮሶ ጠጣ። ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ጎረቤትም አያንኳኳበትም፣ ነውር ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ግን ከቤቱ ጭስ አለመውጣቱ ጎረቤቱን እናትነሽን አሳሰባትና በሩን ገፋ አደረገችው። ጩኸቷ እስከ ጥርባ መንገድ ድረስ ተሰማ።

የቆሰበር ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ መቶ አለቃ ምህረቴ የአስከሬኑን ፊት ሲያይ መጀመሪያ የተሰማው ፍርሃት ነው። ፖሊስ አይፈራም የሚል ሰው ፖሊስ ሆኖ አያውቅም። ምህረቴ የጥርባ ልጅ ነው፤ ቀርከሃ እየሰነጠቀ አጥርና አልጋ ከሚሠራ አባት ቤት አድጎ፣ አገውኛ ከእናቱ፣ አማርኛ ከትምህርት ቤት ተምሮ ነው ለማዕረግ የበቃው። ወንጀል አይቶ ያውቃል፤ በድንበር የተፈናከተ፣ በሠርግ ቤት የተወጋ። አስቀድሞ የተለጠፈ ሞት ግን አላየም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከአልጋው ሥር የወደቀውን ዋንጫ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «ኮሶ ያዳክማል፣ ያስመልሳል። ከንፈር ግን እንዲህ አያጠቁርም። ከኮሶው ጋር ሌላ ነገር ጠጥቷል፤ ምሬቱ ሸፍኖበት ነው ያላወቀው።»

የምህረቴ ረዳት አስር አለቃ ሽባባው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ሲፈራ ይቀልዳል። ከሟቹ ኪስ ያወጣውን ወረቀት ዘርግቶ አየው። «ጌታዬ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ሞትም ቀለም መቆጠብ ጀመረ?»

«አጣጥፈህ ያዘው» አለ ምህረቴ።

*

ሐሙስ ጠዋት በዚያው ዛፍ ላይ ሁለተኛ ወረቀት ተገኘ። «ወርቅአየሁ ውቤ ዐርፋለች» ይላል።

ወርቅአየሁ የሟቹ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ወንድሟም ልጅ ሳይኖረው ነው የሞተው። ሁለቱ በአባታቸው ርስት ላይ፣ ከቀርከሃው ደን ጥግ፣ አጥር ለአጥር ሆነው ይኖሩ ነበር። ወሬው ሲደርስ ወርቅአየሁ በወንድሟ ልቅሶ መሃል ተቀምጣ ነበር። ምህረቴ በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያየውን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ክፉ የተናገረ ሰው የለም። አንዱ ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። አንዷ ጥጃ አልታሰረልኝም ብላ ተነሣች። ሌላው ሰበብም አልፈለገም። ለቀስተኛው በሙሉ እንደዚህ አንድ በአንድ ወጣና ሴትዮዋ በባዶ ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

«መቶ አለቃ፣ እርስዎም ይሂዱ» አለችው። ድምጿ የረጋ ነበር። «በኔ የተነሣ ነገር እንዳይነካዎት።»

እውነቱን ለመናገር መሄድ አምሮት ነበር። እግሩ ወደ ውጭ፣ ልቡ ወደ ውስጥ ሲጎትቱት ጥቂት ቆመ። ከዚያ ገብቶ ከፊቷ ተቀመጠ። «እርስዎ አይሞቱም» አላት። ከአፉ ካወጣው በኋላ በምን ዋስትና እንደተናገረ ራሱን ጠየቀ።

*

የፊደሉን ባለቤት ቆሰበር በሙሉ ያውቀዋል። አበረ ይባላል፤ ቀርከሃ ሠሪ ነው፤ የአውቶቡሱን ሳንቃ የሚያትመውም እሱ ነው። ምህረቴ ቤቱ ሲደርስ ሰው ድንጋይ ይዞ አጥሩን ከቦት ነበር። «ደጋሚ ነው፣ እግዜር ያውጣን» ይላል አንዱ። ሌላው ደጋሚ ከሆነ እኛንም ይደግምብናል ብሎ ከኋላ ይሸሻል። ሽባባው ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ መንገድ አስለቀቀና አበረን መሃል አስገብተው ወደ ጣቢያ ወሰዱት። የፊደሉም ሣጥን አብሮ መጣ።

ጣቢያው ውስጥ ምህረቴ በአገውኛ ጠየቀው። አበረ ስለ ፊደሎቹ ሲጠየቅ ፍርሃቱ ለቀቀው።

«እዚህ አገር አውቶቡስ የሚመጣው በጉም ውስጥ ነው» አለ። «ሰው በጉም ውስጥ ወፍራሙን እንጂ ቀጭኑን አያይም። ፊደሉን ላወፍረው ስል ደግሞ የአውቶቡሱ ግንባር ላይ ያለው ሳንቃ ጠባብ ነው፤ ደብረ ማርቆስን ልጽፍ ጀምሬ መጨረሻው ቦታ ያጣል። እናም ወደ ላይ አስረዘምኳቸው፣ ጎናቸውን ሰበሰብኩት። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሲላግ ስፋቱ ሁለት ጣት ነው። ከዚያ የሚያልፍ ፊደል ቤቱ አይገባም።»

ከሣጥኑ አንድ ፊደል አነሣ። ጭስ የጠገበ የቀርከሃ ፍላጭ ነው፤ ፊቱ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ተቀርጿል። በጥላሸትና በኑግ ዘይት ተቀብቶ፣ በእንጨት ክፈፍ ተደርድሮ፣ ወረቀት ወይም ሳንቃ ላይ ይታተማል። በሁለቱ ወፍራም እግሮች መሃል ቀጭን ክፍተት አለ።

«ይቺን ብርሃን ሁልጊዜ እተዋለሁ፤ ክር ብታህልም ትበቃለች። እሷን ከረሳሁ ፊደሉ ዕውር ይሆናል።»

«ታዲያ የገብረ ማርያምን መርዶ ማን አተመው?»

«ሣጥኑ ተቆልፎ ነው የሚያድረው፤ ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ። ሰው ሊገድል የሄደ ሰው የገዛ ጋቢውን ሬሳው ላይ ጥሎ ይመጣል? ፊደሉ የኔ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል።»

ምህረቴ ነገሩ ገባው፤ ሆኖም አበረን አልለቀቀውም። ውጭ ካለው ድንጋይ የጣቢያው እስር ቤት ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰው የአውቶቡሱን ሳንቃ እንኳ ማየት ፈራ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሹፌሩ የአገሩን ስም በቃሉ እየጠራ ተሳፋሪ መሰብሰብ ጀመረ።

*

ከሰዓት በኋላ እንየው በራሱ እግር ወደ ጣቢያ መጣ። የሟቹ የአጎት ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ አድጎ በሰኔ ነው አገሩ የገባው። ኮቱ ንጹሕ፣ አንገተ ሰባራ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ምህረቴ ወንበር ሰጠው።

«ወርቅአየሁን ይጠብቁልኝ ብዬ ነው» አለ። «ለኔ የቀረችኝ ዘመድ እሷ ናት፤ ለሷም እኔ።»

«ሰኞ ወዴት ነበርህ?»

«ጫግኒ። እህል ልጭን እሑድ ሄጄ ለቀብር ነው የተመለስኩት። ባለመኪናው ይመስክር።»

ሽባባው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን አንድ ፊደል እያገላበጠ ሊያነብ ይታገል ነበር። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? እግሯ ወዴት ነው?»

«‹ር› ናት» አለ እንየው በጨረፍታ አይቶ። ከዚያ ወደ ምህረቴ ዞሮ ስለ ልቅሶው መፍረስ በሐዘን ተናገረ። ሲናገር የኮቱ እጅጌ ላይ የነበረ ልም ብጫ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። በመዳፉ ጠረገው። «ይቅርታ፣ ከወፍጮ ቤት ነው የመጣሁት።»

ባለመኪናው ሲጠየቅ ቃሉ ከእንየው ቃል ጋር ገጠመ። እሑድ አብረው ሄደዋል፤ ሰኞ ጫግኒ አብረው በልተዋል። ገብረ ማርያም ኮሶውን ሲጠጣ እንየው ጫግኒ ቆላ ነበር። ምህረቴ ስሙን ከልቡ ፋቀው፤ ለመፋቅ ቸኩሎ እንደነበር ኋላ ቆጭቶታል።

*

ቀጥሎ የተጠረጠረው ደሴ ነው። ደሴ የደንገላ የማስታወቂያ ሰዓሊ ነው፤ የጠጅ ቤቱ፣ የልብስ ሰፊው፣ የሻይ ቤቱ ስም ሁሉ በእጁ የተጻፈ፣ ፊደሎቹ ሰፋፊ፣ ጫፋቸው እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ። የአበረ ፊደል ከመጣ ወዲህ ገበያው እንደቀዘቀዘበትና በጠጅ ቤት እንደዛተ ሽባባው ሰምቶ መጥቷል። ዓርብ ጠዋት እሱና ምህረቴ በጭነት መኪና ደንገላ ወረዱ።

ደሴ ኮሶ የጠጣ መስሎ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀበላቸው። ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ከአንገቱ ታስሯል።

«ከመስቀል በፊት መሰላል ጥሎኝ ነው» አለ። «ጎረቤቱን በሙሉ ጠይቁ፤ ጉርሻ እንኳ በሰው እጅ ነው የምበላው። ያን ፊደል እጠላዋለሁ፣ አልዋሽም። ውበት የለውም። ግን ከሩቅ ይነበባል፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

«ከአበረ ሌላ ማን ሊቀርጸው ይችላል?»

ደሴ አሰበ። «እኔ እንኳ እጄ ደኅና ቢሆን አልችልም። እኔ ቀጥ ብላ የቆመችዋን ፊደል ነው የማውቀው። እሱ የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው። ፊደልን በጀርባዋ የሚያውቃት ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነው።»

ምህረቴ አንድ ነገር አእምሮውን ነካ አደረገው። ሊይዘው ሲል አመለጠው። በመንገዱ ሁሉ ሲያስብ የሚታየው ያ ባዶ ድንኳን ብቻ ነበር፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞቷል፣ ሴትዮዋስ ስንት ቀን ቀራት?

*

የወርቅአየሁ ቤት ተጠርጓል። መግነዟ ታጥቦ፣ ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የንስሐ አባቷ መጥተው ሄደዋል። ሞት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ቢሆን ኖሮ ምህረቴ በጠመንጃ ያባርረው ነበር፤ እሷ ግን አልጋ አንጥፋ እየጠበቀችው ነው።

«እህል ቀምሰዋል?» አላት።

«ለምኔ?»

«ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ የደበቁኝ ነገር አለ።»

ሽባባውን ቀና ብላ አየችውና፣ እሱ እንዳይሰማት ይመስላል፣ በአገውኛ ተናገረች። «ኮሶውን የወቀጥኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። እኔው ወቅጬ፣ እኔው ዘፍዝፌ፣ እኔው በዋንጫ ሰጠሁት። ሌላ ሰው አልነካውም። እንግዲህ ወንድሜን ማን ገደለው?»

ምህረቴ ሲወጡ የሰማውን ለሽባባው ነገረው። ሽባባው ቆመ። «ጌታዬ፣ እንግዲያው ራሷ ናት። እንሰራት።»

«ፊደል የማታውቅ ሴት የራሷን መርዶ ቀርጻ ትለጥፋለች?»

«ፍርሃት ገብቶኝ ነው እንጂ እሱስ እውነት ነው» አለ ሽባባው።

በሯ ላይ አንድ ፖሊስ አቆሙላት። «ማንም እንዳይገባ፤ ምግብም ቢሆን ከውጭ እንዳይቀበሉ» ብሎ ምህረቴ አዘዘ። የሚገድላት ነገር ከውስጥ እንዳለ አላወቀም።

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ምህረቴ ሁለቱን መርዶዎች በጣቢያው መስኮት ላይ ለጠፋቸው። ከጎናቸው አበረ ባለፈው ዓመት ለአውቶቡስ ያተመውን ወረቀት አደረገ። ቅርጹ አንድ ነው። ቁመቱ አንድ፣ ጠባብነቱ አንድ። የአበረ ጥቁር ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። በገብረ ማርያም ስም ላይ፣ ሽባባው የቀለደባቸው ነጠብጣቦች አሉ፤ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ፣ ክብ ክብ ነጮች። በወርቅአየሁ ስም ላይ ግን በዝተዋል። እንደገና ሁለቱም ላይ ያለውን ‹ር› አስተያየ። የመጀመሪያው ላይ የነበሩት ነጮች ሁለተኛውም ላይ በየቦታቸው አሉ፤ አዳዲስ ተጨምረውባቸዋል።

ቀለም ማነስ አይደለም። ቀለም ሲያንስ ይሳሳል እንጂ አይበሳም። ፊደሉ ራሱ እየተበላ ነው።

አባቱ ትዝ አለው። ምህረቴ ትንሽ ሳለ አንድ ቀርከሃ በሐምሌ ቆርጦ የተገረፈው ግርፊያ ትዝ አለው። ክረምት ላይ ቀርከሃ ውኃ የጠገበ ነው፤ ያኔ የተቆረጠ ቀርከሃ ከውስጡ ነቀዝ ያበቅላል፣ ወራት ሳይቆይ ዱቄት ይሆናል። የጥርባም ሆነ የቆሰበር ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። አበረ በበጋ ቆርጦ፣ ምድጃ ላይ ሰቅሎ ጭስ ሲያጠግበው የኖረው ለዚህ ነው። ይህን የቀረጸ ሰው እጁ ብልህ ነው፤ አገሩን ግን አያውቅም።

ወደ ወርቅአየሁ ጓሮ ወደ ቀርከሃው ደን ሮጠ። ከደኑ ጥግ፣ በዘንድሮ ዝናብ ቁርጣቸው የጠቆረ ጉቶዎች አገኘ። እናትነሽ በአጥሯ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየው ነበር።

«በክረምት እዚህ ማን ቆረጠ?» አላት።

«እንየው ነዋ። አልጋ እሠራበታለሁ ብሎ። ነፍሱን ይማረውና ገብረ ማርያም፣ ልጄ፣ በክረምት አይቆረጥም ቢለው፣ አሮጌ ወሬ ነው አለው። ገብረ ማርያምም ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብሎ ሳቀበት።»

ምህረቴ በቆመበት ቀዘቀዘ። ብጫው ዱቄት። ተገልብጣ የተቀረጸችዋን ‹ር› በጨረፍታ ያነበባት ዓይን። ልጅ የሌላቸው ወንድምና እህት፣ ከእነሱ በኋላ ርስቱ የሚያልፍለት አንድ የአጎት ልጅ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ጫግኒ ወርዷል። ነገ ጎህ ላይ በጭነት መኪናው ይመለሳል።»

ሰው ሲሞት እንየው ጫግኒ ነው። ሽባባውን ሊጠራ ወደ ጣቢያ ተመለሰ።

*

እንየው የተከራየውን ክፍል ባለቤትየዋ ከፈተችላቸው። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ሽባባው ክዳኑን ሲያነሣው ልም ብጫ ዱቄት እንደ ጢስ ተነሣ። ፊደሎቹ በረድፍ ተኝተዋል፤ ጠባብ፣ ረጃጅም፣ ጥቋቁር። ምህረቴ አንዱን ሲያነሣ በጣቱ መሃል ተሰበረ። ከሥር የማተሚያ ቤት የሥራ ፈቃድ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የእንየው ስም አለበት።

«ያዝነው» አለ ሽባባው።

«ገና ነው» አለ ምህረቴ። «መርዙ የት እንዳለ አላወቅንም።»

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመው ጠበቁት። ጉሙ እጅ ተዘርግቶ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። የመኪናው ድምፅ ከሩቅ መጣ። ቀድሞ የታየው በጭነት መኪናውም ግንባር ላይ የታተመው የአበረ ጥቁር ፊደል ነው፤ ከጉሙ ውስጥ ብቻውን ወጣ፣ ከኋላው መኪናው ተከተለ። ምህረቴ ፊደሉን አይቶ ዘገነነው፤ ለምን እንደተሠራም በደንብ የገባው ያን ጊዜ ነው።

እንየው ከመኪናው ወረደ። ኮቱ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ። ሁለቱን ሲያይ አልደነገጠም።

«ወርቅአየሁ... ደኅና ናት?» አለ።

«ደኅና ናት። በሯ ላይ ፖሊስ አቁመናል። ሣጥንህንም ከፍተናል።»

እንየው ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ጉሙ ነጣ ወዳለበት መለሰ። የፊቱ መዝናናት ነው ምህረቴን ያስፈራው። የተያዘ ሰው ፊት አልነበረም፤ ቀን እስኪነጋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

«ኮሶው ከየት መጣ?» አለ ምህረቴ። «ወርቅአየሁ ወቀጠችው። ያመጣላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ደርቆ፣ በጨርቅ ታስሮ። ቤተ ዘመድ አይደሉ?» እንየው ፈገግ አለ። «ለሁለቱም ነው ያመጣሁት። የሷ የመጠጫ ቀን ዛሬ ነው።»

ኮሶ የሚጠጣው ጎህ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ ነው። ምህረቴ ሽባባው ሲጠራው አልሰማም። በጉሙ ውስጥ ሮጠ፤ አጥር ሲመታው፣ ድንጋይ ሲጥለው ተነሥቶ ሮጠ። ፖሊሱ ከበሩ ላይ «ማንም አልገባም ጌታዬ» ሲለው ገፍትሮት አለፈ።

ወርቅአየሁ ነጭ ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ዋንጫው በሁለት እጇ ተይዞ ከከንፈሯ ደርሷል። ምህረቴ ሊናገር ትንፋሽ አጠረው፤ ዋንጫውን በእጁ መታው። ኮሶው ግድግዳው ላይ ፈሰሰ።

እሷ በቁጣ አየችው። «ምን አደረጉ? ያው የወንድሜ ኮሶ ነው። እጄ ገድሎት ከሆነ ይግደለኝ፤ ካልገደለኝ እጄ ንጹሕ ነው ብዬ ነበር። አሁን በምን ልወቀው?»

ምህረቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ ቢባል ውሸት አይሆንም። «መርዙ ከእንየው ጋር ነው የመጣው» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «እጅዎ ንጹሕ ነው። በርስዎ እጅ የገደለው እሱ ነው።»

ሴትዮዋ መዳፎቿን ገለጠችና አየቻቸው። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንባዋ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

*

እንየው በሰንሰለት ደንገላ ወረደ። በመንገድ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽባባው የቀርከሃውን ነገር ሲነግረው፣ «በክረምት የተቆረጠ?» ብሎ እንደ ሞኝ ደጋግሞ ጠየቀ። ለዚያ ደን ሲል ሰው ገደለ፤ መቼ እንደሚቆረጥ ግን አላወቀም።

ቆሰበር ግን በአንድ ቀን አልዳነችም። አበረ ተፈትቶም ሰው ከመንገዱ ይሸሻል። ወርቅአየሁም ወደ ገበያ ስትወጣ ሰው ዝም ይላል፤ ወተት የምታመጣላት ሴት ወተቱን ከደጅ አስቀምጣላት ትሮጣለች። ዛፉ ላይ ያዩት ጥቁር ፊደል ከዓይናቸው አልወጣም። ገዳዩ ታሰረ ቢባልም መርዶው አልተሻረም። ምህረቴ ራሱ በየማለዳው ሳይወድ ወደ ኮሶው ዛፍ ያይ ነበር፤ ስሙን እየፈለገ መሆኑን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ማለዳ ወርቅአየሁ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች አበረ ቤት ሄደች። ምን እንደተነጋገሩ የሰማ የለም። አበረ ሣጥኑን ከፈተ፤ በበጋ የተቆረጡትን፣ ጭስ የጠገቡትን ፊደሎች ደረደረ።

ቅዳሜ ጉሙ ሳይነሣ ወረቀቱ ዛፉ ላይ ነበር። ሰው ከሩቅ አየውና ቆመ። የቀረበ የለም። ወርቅአየሁ ከወረቀቱ ሥር፣ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ቆማለች። ምህረቴ ከሰዉ መሃል ነበር፤ ልቡ እንደ መጀመሪያው ቀን ደነገጠ።

እናትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አጠገቡ መጣች። «መቶ አለቃ፣ ማንበብ አልችልም። ይንገሩኝ፣ ማንን ነው የሚለው?»

ምህረቴ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ወርቅአየሁ ውቤ በሕይወት አለች።»

ከዚያ እናትነሽ እየፈራች፣ አንድ እግሯን ከሌላው እያስቀደመች ወደ ዛፉ ሄደች። እጇን ዘረጋችና የወርቅአየሁን እጅ ያዘች። ቶሎ ልትለቀው ነበር የመጣችው፤ አልለቀቀችውም።

«እጅሽ ይሞቃል» አለች።